ለመልካሙ የተቀመጠው ሽንጥ

ሥጋ ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ ሰው እንዲያስቆመኝ አልወድም። መንገድ ላይ ይዞኝ «እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ» የሚለኝ ሰው ዘመዴም ቢሆን እበሳጭበታለሁ። ፌስታሉ እጄ ላይ ይከብደኛል፤ እግሬ ዝም ብሎ ይቸኩላል። ባለልኳንዳው «ኧረ ቀስ በይ፣ ከታረደ ወዲያ የት ይሄዳል ብለሽ ነው!» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እሱ ምን አውቆ።

በቀደም መብራት ጠፍቶ ውሎ ሲመጣ ፍሪጄን ከፈትኩት። የቀለጠ በረዶ፣ የብረትና የደም ሽታ ፊቴን መታኝ። በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጄ «እማዬ፣ ቅዝቃዜው ይወጣል» ብትለኝ ጊዜ ደነገጥኩና ዘጋሁት። ይህንን ቃል እኔ አላስተማርኳትም፤ እኔ ግን በልጅነቴ ደባርቅ ላይ አንድ ሙሉ መኸር ስሰማው ከርሜያለሁ።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ መልካሙ በብዙ ይበልጠኛል። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ የቤቱ ወንድ እሱ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ይወርዳል፤ ለመስቀል ይመጣል፤ ከዚያ እንደገና ለአጨዳ ይሄድና ኅዳር ላይ ጠቁሮና ከስቶ ይመለሳል። እናቴ ይታይሽ «ቆላ ልጄን በላብኝ» ትላለች፤ እሱ ይስቃል።

አንድ ኅዳር ከመተማ ሲመለስ በአይሱዙ ላይ አስጭኖ ፍሪጅ ይዞ መጣ። ጎንደር ላይ ከተዘጋ ቡና ቤት የገዛው፣ እንደ ሳጥን ወደ ላይ የሚከፈት፣ ጎኑ ላይ የቢራ ሥዕል የተለጠፈበት ነጭ ነገር ነው። ሰፈሩ ተሰብስቦ አወረደው። አወረዱት እንጂ ሳቃቸውን አልያዙትም።

«ደባርቅ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ! በር ከፍታችሁ ብታድሩ እናንተም ትረጋላችሁ እኮ» አለች ጎረቤታችን ዘውዴ።

መልካሙ ደሙ ፈላ። «እናንተ ዕድሜ ልካችሁን ቋንጣ ብሉ! እኔ ቋንጣ ሰልችቶኛል። በረሃም ቋንጣ፣ እዚህም ቋንጣ! የመስቀልን ሥጋ ኅዳር ላይ እንደ ታረደ እበላለሁ፤ ታያላችሁ» አለ።

እናቴ ለልጇ ደስ እንዲለው ፍሪጁን ጓዳ አስገባችው። ግን አላበራችውም። ብርጭቆዎቿን፣ ስኳሩንና የዓመት በዓል ጋቢዋን ከተተችበት። መልካሙ ሲበሳጭ «ልጄ፣ አይጥ የማይደርስበት ሣጥን አመጣህልኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?» ትለዋለች። እሱም ተስፋ ቆርጦ ተወው።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ላይ እንደ ልማዱ ወረደ። ሲሄድ አገጬን ይዞ «ትርንጎ፣ ለመስቀል ዕጣ የምንጥለው አብረን ነው» አለኝ። በነሐሴ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ሆነ።

መስቀል ደረሰ። በእኛ ሰፈር ለመስቀል ቅርጫ ይገባል፤ ቤቶች ተሰብስበው አንድ በሬ ይገዙና አርደው ይከፋፈሉታል። የቅርጫው አባት አያ ጥሩነህ ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው። በሬውን ዳባት ገበያ ሄደው የሚመርጡ እሳቸው፣ ቢላዋ የሚስሉ እሳቸው፣ መደብ የሚያወጡም እሳቸው። ሥጋው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለሁሉም መደብ ይዳረሳል። አያ ጥሩነህ ቁራጭ ከአንዱ አንስተው ሌላው ላይ ያደርጋሉ፣ ወደ ኋላ ሄደው ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ተመልሰው ያንኑ ቁራጭ ያነሳሉ። እኔ በዚህ ጊዜ እግሬ መሬት አይረግጥም። ምናለ ቢጨርሱት! እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ቤት ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ምስማር፣ አንዱ የሸሚዝ አዝራር። የመልካሙ ምልክት ሁልጊዜ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ፊቱን አዙሮ የቆየ ልጅ ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል፤ ቆርኪህ ያረፈበት የአንተ ነው። በዚያ ዓመት የተጠራሁት እኔ ነኝ። አያ ጥሩነህ ምልክቶቹን በመዳፌ ሲያፈስሱልኝ ቆርኪውን አጡት።

«የመልካሙ ቤት ምልክት የታለ?» አሉ።

«እኔ ይዤዋለሁ። እሱ እስኪመጣ» አልኩና ከኪሴ አወጣሁት።

ሰዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «እሰይ የኔ ልጅ፤ ጣዪው» አሉኝ።

ያን ቀን እናቴ ወጥ እየሠራች ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ ስትመላለስ ዋለች። ከጎንደር የመጣ ሚኒባስ ጥሩንባ በነፋ ቁጥር ማማሰያውን እንደያዘች ትወጣለች። አመሻሹ ላይ ለእኛም ለእንግዳም የሚሆነውን ለየች፤ ጥቂቱን ለቋንጣ ዘለዘለች። ከዚያ የደረሰንን ሽንጥ ሙሉውን አንስታ በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች።

«ትርንጎ፣ ነይ። ብርጭቆዎቹን አውጪ» አለች።

ገባኝ። ስኳሩን አወጣን፣ ጋቢውን አወጣን፣ ፍሪጁን በውሃ አጠብነው። ሶኬቱን ስትሰካው ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና ማጉረምረም ጀመረ። እናቴ ወደ ኋላ ሸሸች። «በስመአብ!» አለችና ሽንጡን በፌስታል ጠቅልላ መሐሉ ላይ አስተኛችው። «ቋንጣ ሰልችቶኛል ብሏል። እንደ ታረደ ያገኘዋል» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ደብተሬን ወርውሬ ወደ ጓዳ ነው የምሮጠው። ክዳኑን አነሳለሁ፣ በጣቴ ሥጋውን እጫናለሁ፣ እዘጋለሁ። ደግሞ እከፍታለሁ። እናቴ «ቅዝቃዜው ይወጣል! ኧረ ይቺ ልጅ!» ትላለች። ቅዝቃዜ እንደ ዶሮ በር ሲከፈትለት ወጥቶ የሚጠፋ ነገር ይመስለኝ ስለነበር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስከፍት እንዳይወጣ በደረቴ ክዳኑ ሥር እጋርዳለሁ። ፌስታሉ ላይ በረዶ ሲጋገር ደግሞ በደስታ እየጮኽኩ ሄድኩ፤ «እማ፣ ሥጋው እየወፈረ ነው!» እሷ ሳትስቅ መጥታ አየችውና «ይወፍር፤ እሱ ከስቶ ነው የሚመጣው» አለች።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የፍሪጁን ማጉረምረምና የወንድሜን ደህና መሆን አንድ አደረግኳቸው። ፍሪጁ ሲያጉረመርም መልካሙ ደህና ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም። ግን አመንኩበት፤ ጆሮዬን አስደግፌ ስሰማው ሆዴ ይረጋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዬን ሳለሁ ፍሪጁ ቀጭ አለና ዝም አለ። ጠበቅኩ። ዝም። በእጄ መታሁት። ዝም። እያለቀስኩ እናቴ ውሃ ወደምትቀዳበት ቦኖ በረርኩ። ወረፋው መሐል ሆና ስመጣ አየችኝ። ጄሪካኗ ከእጇ ወደቀና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «ንገሪኝ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ፍሪጁ ድምፁን አጠፋ» አልኳት።

ሴቶቹ ሁሉ ወረፋቸውን ትተው ያዩናል። እናቴ መጀመሪያ ትከሻዬን መታችኝ፤ ከዚያ ስባ አቀፈችኝ፤ ከዚያ እንደገና መታችኝ። ቤት ስንደርስ ፍሪጁ በጤናው ያጉረመርማል። በቂ ሲቀዘቅዝ ራሱ እንደሚያርፍ፣ ከዚያም ራሱ እንደሚነሳ ማን ነግሮን! ያን ቀን ግን ያወቅኩት ሌላ ነገር ነው። እናቴ መርዶውን ከሰው አፍ እስክትሰማ ነበር የምትጠብቀው፤ እኔ ብቻ አይደለሁም የፈራሁት።

ጥቅምት ላይ መብራት ጠፋ። ያውም የአንድ ቀን አይደለም፤ ጠፍቶ ቀረ። እናቴ ጋቢዋን አመጣችና ፍሪጁን ጠቀለለችው። በላዩ ብርድ ልብስ ደረበች፣ በገመድ አሰረችው። ዘውዴ ብቅ ብላ ስታየው ሳቋ ደጅ ድረስ ተሰማ።

«ይታይሽ፣ አራስ ናት እንዴ? ገንፎ ላምጣላት? ኧረ ይሞቅበታል፣ ሥጋው ይበላሽብሻል!»

«ብርዱን ካላስወጣ ሙቀቱንም አያስገባም» አለች እናቴ፤ ወደ እሷም አልዞረችም። ዛሬ ሳስበው ልክ ነበረች።

ማታ ማታ ውርጭ ሲወርድ ሥጋውን አውጥታ ውሻ በማይደርስበት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትሰቅለዋለች። ጠዋት ጀንበር ሳትሞቅ ያንን እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ ሽንጥ አውርዳ ወደ ፍሪጁ ትመልሰዋለች፤ ጋቢውን ትጠቀልላለች። በመልካሙ የሳቀው ሰፈር፣ በሩን ከፍተን እንድናድር የነገረን ሰፈር፣ አሁን በየአጥሩ አንገቱን አስግጎ ያየናል። እኔ ቁርሴን ይዤ ከሥሩ ቆሜ እጠብቃለሁ። አሞራ አይቼ ድንጋይ ወርውሬ የራሳችንን ቆርቆሮ ያስጮኽኩበት ጠዋትም አለ።

አያ ጥሩነህ ቢላዋቸውን ይዘው መጡ። ተቀመጡ ብትላቸው አልተቀመጡም።

«ይታይሽ፣ አምጪው። ልዘልዝልሽ። ጨውና በርበሬውን እሽት አድርገሽ ስቀይው። ቋንጣ መብራት ና አይልም፣ መብራት ሂድ አይልም። ልጁ መቼም ይምጣ መቼ ያገኘዋል።»

«ይተዉኝ፣ አያ ጥሩነህ።»

«የሰው ድካም ነው እኮ! የበሬ ሽንጥ ጣሪያ ላይ እያወጣሽ እያወረድሽ...»

«ቋንጣ ካደረግኩት አይመጣም ማለት ነው!» አለች እናቴ። ጮኸች። እናቴ እሳቸው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ቋንጣ ለመቼም ለመቼም ይቀመጣል። እኔ ልጄን ለመቼም ለመቼም አይደለም የምጠብቀው። ዛሬ ነው የምጠብቀው፤ ገባዎት?»

አያ ጥሩነህ ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። «እሺ» ብለው ወጡ። በአጥሩ ላይ ሰላምታቸው ለብዙ ቀን ቀዘቀዘ። እናቴ ያን ዕለት ስትጠርግ፣ የተጠረገውን ስትጠርግ ዋለች።

መብራት ተመለሰ። ሥጋው ተርፎ ነበር፤ እናቴ አሸትታ አሸትታ «ይበላል» አለች። ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። ኅዳር እየተጋመሰ ነው፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። ከዚያ እስከ ገና ሥጋ አይበላም። ሰሊጥ አጫጆቹ በየቀኑ ከመኪና ይወርዳሉ፤ እናቴ መናኸሪያ ሄዳ «መልካሙን አላያችሁትም?» ትላለች፤ አንዱ ሌላውን ያያል፣ «አብረን አልነበርንም» ይላል። ቄስ አልጠየቀችም፤ ራሷ ቆረጠች። «ጾሙ ሲገባ ቤቴ ውስጥ ሥጋ አቅፌ አልጾምም። እስከ ዋዜማው ካልመጣ ለነዳያን አውጥቼ እሰጠዋለሁ» አለች። እንዲህ ካለች በኋላ ምግብ አልወረደላትም። እኔም ከፍሪጁ አጠገብ አልጠፋ አልኩ።

በዋዜማው ጠዋት አያ ጥሩነህ መጡ። ከተኳረፉ ወዲህ ቤታችን ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁት። እናቴ ጠላ ቀዳችላቸው፤ አልጠጡትም።

«ትናንት ዳባት ገበያ ነበርሁ» አሉ።

«እንኳን ደህና መጡ።»

«ገበያው ደህና ነው። በግ ረክሷል።» ብርጭቆውን አዞሩት። «ከመናኸሪያው ጀርባ ብሎኬት የሚሠሩበት ግቢ አለ። ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«አለ። ሰፊ ግቢ ነው። ልጆች ይሠሩበታል።» ግንባራቸውን ጠረጉ። «እኔ ምንም አልነገርኩሽም፣ ይታይሽ። በማርያም አስምሎኛል፤ ስሙን አልጠራም፤ አየሁትም አልልሽም። ብቻ... የሠራበትን መንገድ ላይ የተቀማ ሰው ባዶ እጁን እናቱ ፊት መቆም ያፍራል። ወጣት ነዋ። አፈር ያደርገዋል ኀፍረቱ።»

እናቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ክዳኑ ሲከፈት ሰማሁ። ሽንጡን በጋቢዋ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ አድርጋ ወጣችና «ትርንጎ፣ ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ተመለሰችና ጎንበስ ብላ የአያ ጥሩነህን ጉልበት ሳመች። እሳቸው «ኧረ ተይ፣ ኧረ ተይ፣ እኔ ምን አልሁ» ይላሉ፤ እንባቸው ግን ጢማቸው ላይ ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አለ። አቤት ያ መሙላት! ረዳቱ «ዳባት፣ ዳባት!» ይላል፣ አንድ ሰው ይገባል፣ ሌላው ሲጋራ ላጭስ ብሎ ይወርዳል። ሥጋው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ቅዝቃዜው በጋቢው አልፎ ጭኔን አደነዘዘው። የወቀንን ከተማ ስናልፍ መቅለጥ ጀመረና መንጠባጠብ ያዘ። አጠገባችን ያሉት ሰውዬ ጫማቸውን አነሱ።

«ምንድን ነው ይሄ የሚንጠባጠበው?»

«ሥጋ ነው» አለች እናቴ።

«ትኩስ ነው?»

«አዎ። ዛሬ የታረደ።»

ቀና ብዬ አየኋት። እናቴ ውሸት የሚናገርን ልጅ በርበሬ የምታጥን ሰው ናት። ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ነው የምታየው።

ግቢውን አገኘነው። ልጆች በአካፋ አሸዋና ሲሚንቶ ያቦካሉ፤ ሁሉም ከእግር እስከ ራስ ግራጫ ናቸው። መልካሙን እኔ አልለየሁትም። እናቴ ለየችው፤ በጀርባው ለየችው። «መልካሙ» አለች፤ ጮክ አላለችም። አካፋው ቆመ። ዞሮ ሲያየን መጀመሪያ የሚሸሽበት ፈለገ፣ እውነቴን ነው፣ ዓይኑ አጥሩን ዞረ። ከዚያ እዚያው ቆሞ በሲሚንቶ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«እማ፣ ምንም የለኝም» አለ። «ሁሉንም ወሰዱብኝ። እንዳልመጣ...»

«ርቦሃል?» አለች እናቴ።

ሌላ ምንም አላለችውም። ለሠራተኞቹ ምግብ ከምታበስለው ሴት ምድጃና መጥበሻ ለመነች። ቢላዋ ተዋሰች። ጀርባዋን ለመልካሙ ሰጥታ ቁጭ አለችና ሽንጡን መቁረጥ ጀመረች። መሐሉ ገና በረዶ ነበር፤ ቢላዋው ሲገባበት ድንጋይ እንደ ነካ ያንቋቋል። እንዳይሰማው ሳል ትሳላለች። እኔ በሁለቱ መሐል ቆሜ በቀሚሴ ልከልላት ሞከርኩ። የዛሬ ሥጋ መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፣ ወዲያው ይጠበሳል። የእኛ ውሃውን ለቀቀና እንደ ወጥ ተንተከተከ። እናቴ ቃሪያና ጨው ጨመረችበት። ውሃው አልደርቅ አለ።

መልካሙ እጁን ታጥቦ መጥቶ ተቀመጠ። ክርኖቹ ብቻ የቀሩ ይመስላሉ። አንጀቴን በላኝ።

«ዛሬ የታረደ ነው፤ ብላ» አለች እናቴ። የመጀመሪያውን በእጇ አጎረሰችው።

አላመጠ። መጥበሻው ውስጥ ያለውን ውሃ ያያል። ሁለተኛውን ራሱ አነሳ። ከዚያ እናቱን አያት፤ ከጋቢዋ ጫፍ የሚንጠባጠበውን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያስቀመጥሽልኝ?»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የደረቀውን የምድጃ ጠርዝ ትጠርጋለች። ደጋግማ ትጠርጋለች።

«ከመስቀል» አለች፤ ያኔ ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጀመሪያዋ ነው፣ ምርር ብላ አለቀሰች።

መልካሙ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጣለ። የነጠላዋ ግማሽ በሲሚንቶ ግራጫ ሆነ። ሠራተኞቹ ያዩናል፤ የምድጃዋ ሴትዮ አፏን በእጇ ይዛለች። ምን ያህል እንደ ቆየን አላውቅም፤ እኔ መኪናው ያመልጠናል ብዬ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፣ በሌላው እቀይራለሁ።

እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች። መጥበሻውን ወደ እሱ ገፋችው።

«ጨርሰውና ልብስህን አምጣ» አለችው። «ነገ ጾም ነው። ቤትህ ገብተህ ጹም።»